እናቱ የሰሙት ስልክ

እጮኛዬ ካሊፎርኒያ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር የሳቀብኝን ሳቅ የሰማሁት ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ፣ ስልክ ቤት ውስጥ፣ ቁም ሳጥን በምታክል ካቢና ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ፀጉሬም ሸብቷል። ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅ መስሎት የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ እሱን ይቅርታ አልጠይቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ በኮምፒዩተር በሰከረችበት ጊዜ ነው። የእናቴ አባት ጣሊያን ስለነበሩ እኔና እናቴ ሮም ስንመጣ ወረቀት አልቸገረንም። ሥራ ግን እንደ ሌላው ሐበሻ ሴት ሁሉ ሰው ቤት ነበር። ኖሜንታና አካባቢ አንዲት አሮጊት ሲኞራ እንከባከብ ነበር። እዚያው አድራለሁ፤ የምወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነው።

እሱን ያወቅኩት እዚሁ ሮም፣ የአሜሪካ ፕሮሰሱን ሲጠብቅ ነው። ሸሚዙን የማጥብለት፣ ከሲኞራዋ ማእድ ቤት ፓስታ ይዤለት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ድረስ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ያኔ ጥሩ ልጅ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሲሄድ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። «ተደላድዬ እወስድሻለሁ» አለኝ። ቃሉንም አክብሮ ከዚያ ሆኖ ለእናቴ ሽማግሌ ላከ።

ካሊፎርኒያ ገብቶ አጭር የኮምፒዩተር ትምህርት እንደተማረ አንድ ኩባንያ ቀጠረው። አለቃው ቁምጣ ለብሶ እንደሚመጣ፣ ቢሮው ውስጥ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ እንዳለ፣ ምሳ በነፃ እንደሚበላ፣ ትናንት አብሮት ፒዛ የበላ ልጅ ዛሬ ሀብታም ሆኖ ሥራ እንደለቀቀ ይነግረኝ ነበር። ወሬው እኛም ጋ ደረሰ። ድሮ ደህና ባል ማለት ፔርሜሶ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድና ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ነበር። አሁን «ኮምፒዩተር ነው የሚሠራው» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ ጠፋ። በቅዳሴ መሐል የአንዱ ቴሌፎኒኖ፣ የእጅ ስልኩ፣ ይጮሃል፤ ባለቤቱም ማፈሩ ቀርቶ ደረቱን ነፍቶ እያወራ ይወጣል። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር የአሜሪካ አክሲዮን ወጣ፣ ወረደ ይላል። ሐሙስ ሐሙስ የምንገናኝ ሴቶች ሲኞራዎቻችንን ማማት ትተን የማን እጮኛ በኢሜይል እንደሚጽፍ ሆነ ወሬያችን። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ያን ሐሙስ እንደ ሁልጊዜው ቪያ ቮልቱርኖ ሄጄ ደወልኩለት።

«እስቲ ሲኞራዋን እንዴት እንደምታጥቢያት ንገሪኝ» አለኝ።

«ይኼ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?»

«ናፍቀሽኝ ነው። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

ነገርኩት። «አሎራ፣ መጀመሪያ ባኞውን አሞቃለሁ፤ ከዚያ እሷ ትሰድበኛለች…» ስል አንድ ሰው ሳቀ። የእሱ ሳቅ አልነበረም። ሌላም ተከተለ። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ማነው ስለው «መሥመሩ ነው፣ ቀጥዪ» አለኝ። ከኋላው ግን አንዱ በጣሊያንኛዬ እያሾፈ፣ ጥርት ባለ አማርኛ «አሎራ አለች! አሎራ አለች!» ሲል ሰማሁ።

«ድምፅ ማጉያ ላይ ነው እንዴ ያደረግከኝ?»

«ምን አለበት? ጓደኞቼ ናቸው። ሥራ ሲያደክመን አንቺን ስንሰማ ዘና እንላለን።»

ስንሰማ አለ። የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እዚያች ካቢና ውስጥ፣ ሌላው ሰው እንዳይሰማኝ አፌን በእጄ ከልዬ በሹክሹክታ የነገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩት። የናፍቆቱን፣ የፍቅሩን፣ ለእናቴ እንኳ የማልናገረውን። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብዬ ዘጋሁት። አላለቀስኩም። ወደ ሲኞራዋ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የማስበው እንዴት እንደምመልስለት ብቻ ነበር።

የእሱ እናት በዚያን ጊዜ ፖንቴ ማሞሎ አጠገብ እናቴ ቤት ነበሩ። ዓይናቸውን ሊታከሙ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ከሮም ወደ ካሊፎርኒያ ይወስደኛል ብለው ይጠባበቃሉ። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ብቻ ነው ወሬ የሚቀናቸው። እሱ ግን ለእኔ አንድ ቀን «እዚህ አገር ለአሮጊት የሚሆን ጊዜ ማን አለው?» ብሎኛል። ይህን በሆዴ ይዤ ነበር።

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ገና ሲነጋ፣ እሱ እናቴ ቤት ይደውላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ በመጡበት እሁድ የእናቴን አሮጌ ስልክ ነቅዬ ቪቫቮቼ የሚሉት ድምፅ ማጉያ ያለው አዲስ ስልክ ተካሁ። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ሲደወል ራሴ አንስቼ ቁልፉን ተጫንኩ። እናቴ ልትናገር ስትል በጣቴ ዝም አሰኘኋት።

«እንዴት ነሽ?» ድምፁ ሳሎኑን ሞላው። እናቱ ፈገግ አሉ።

«ደህና። ሠርጉን መቼ አደረግከው?»

«አሁንም ሠርግ! ነገሩ አይገባሽም እንዴ? እዚህ ሕይወት ሩጫ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ሚስት አምጥቼ ለሰው ምን ብዬ ላስተዋውቅ?»

«ታዲያ ሽማግሌዎቹን ለምን ላክህ?»

«ዝም እንድትይ ነዋ። እነሱ እንደሆነ ሥራቸው ምሳቸውን በልተው መመረቅ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ የያዙትን ብርጭቆ ቀስ ብለው አስቀመጡ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ እኔን የሚመለከተው ተነግሮ አልቋል። አላቆምኩም።

«እናትህንስ መቼ ትወስዳቸዋለህ?»

«እሷን ደግሞ የት አባቴ ላድርጋት? እዚያው ትቆይ። ቋንቋ አታውቅ፣ ዓይኗ አያይ፣ ለእኔ ሸክም ከመሆን በቀር ምን ትሠራለች?»

እናቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። ከየት በኩል እንደሚነገርበት ስላላወቁ ከንፈራቸውን ስልኩ ላይ ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ።

ደስ አለኝ። ሌላ ስሜት ነበረኝ ብል ውሸት ነው።

ሽማግሌዎቹ ኮታቸውን ለበሱ። ትልቁ ሽማግሌ በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለእኛ ለብቻችን ብትነግሪን አይበቃም ነበር?»

«ለብቻዎ ብነግርዎ ያምኑኝ ነበር አባባ?»

«አላምንሽም ነበር» ብለው ወጡ።

እናቱ የተቆጡት እኔን ነው። ማታውኑ ሻንጣቸውን አስወጡ። «ልጄን አዋረድሽው» አሉኝ።

«እማማ፣ እኔ የተጫንኩት ቁልፍ ነው። የተናገረው እሱ ነው።»

«ቁልፉን ባትጫኚው ኖሮ እኔ አልሰማም ነበር።»

አዲስ አበባ ሲመለሱ ሻንጣቸውን አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እናቴን አቅፈው ሳሙ፤ ለእኔ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ለእሳቸው አዝናለሁ። የበቀሌን ከባዱን ጫፍ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

ለእሱ ግን ምንም አላዘንኩም። ወሬው ከሮም ካሊፎርኒያ ለመድረስ ከአውሮፕላን ፈጠነ። በእኔ ይስቁ የነበሩት ጓደኞቹ አሁን እሱን አገኙ። እየደወሉ «ልጄ፣ እኔ ነኝ!» ይሉትና ይዘጉበታል አሉ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ፤ በኋላም ከተማ ቀየረ። ይህን የነገረችኝን ልጅ ከተርሚኒ እስከ ቤቷ እየሸኘሁ ደግማ ደጋግማ አስነግሬያታለሁ።

ያ ሁሉ የአሜሪካ የኮምፒዩተር ግርግር ሲፈነዳ፣ የእሱ ኩባንያ ከወደቁት አንዱ እንደሆነ ሰማሁ። ሐሙስ ነበር። ውድቀቱን ያወጣውን ጋዜጣ ገዛሁ፤ ከዚያ ፓስቲቼሪያ ገብቼ በክሬም የተሞላ ትልቅ ኬክ አሳሸግኩና እናቴ ቤት ይዤ ሄድኩ።

«የማን ልደት ነው?» አለችኝ።

«የማንም።»

ጋዜጣውን አየች፣ እኔን አየች። «እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለችና ሳህን ልታመጣ ተነሣች። ሁለታችን በላን። ክሬሙ ጥሩ ነበር።