የአህያው ተራ

ልጅ ሳለሁ አሰብ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ሙቀቱ ግድግዳው ውስጥ ስለሚያድር አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ ዓሣ የተጠበሰበት ፍም ገና ሳይከስም፣ ጭሱም ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ጎረቤታችን አባባ ተሰማ ፋኖሱን አጠገባቸው አስቀምጠው ተረት ይጀምሩልን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ድረስ ተሳቢ ሲነዱ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን የተዉ ሰው ነበሩ።

ተረታቸው አንድ ደንብ ነበረው። እንስሳቱ የእኛን ስም ይይዛሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ጦጣ፣ አንዱ ደግሞ ዘወትር የሚታለለው አህያ ይሆናል። ዛሬ አህያ የሆነ ልጅ በማግስቱ ስሞቹን የሚያድለው እሱ ነው። ስለዚህ ማንም አያኮርፍም፤ ከሳቁበት አንዱን ነገ አህያ ያደርገዋላ።

ሐሊማ ዒድ ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር መጥታ አክስቷ ቤት ከተቀመጠች ወዲህ ግን አህያነቱ እሷ ላይ ቀረ። አማርኛዋ ገና ነበር። የማደሉ ተራ ሲደርሳት፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጠው ግርማ ፈጠን ይልና «ተራዋን ለኔ ሰጥታኛለች!» ብሎ አንበሳውን ለራሱ፣ አህያውን ለሷ ያደርጋል። እንስቃለን። እሷም ትስቃለች።

ያጠራጠረኝ ሳቋ ነው። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋንም አታምን» የምትለኝ ተጠራጣሪ ነበርኩና፣ ያኔ ተረቱን ትቼ ፊቷን መሰለል ጀመርኩ። መጀመሪያ የእኛን አፍ ታያለች፤ ከዚያ ትስቃለች። ቀን ቀን ደግሞ «ወደ ዒድ መልሱኝ» እያለች አክስቷን እንደምታስቸግር ሰማሁ። ግርማን ጠረጠርኩት። እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ ብዬ አባባ ተሰማንም ጠረጠርኳቸው። ለእናቴ ብነግራት «የልጆች ጨዋታ ነው፤ አንቺ ደግሞ!» አለችኝና፣ ያኔ ራሴንም መጠርጠር ጀመርኩ።

አንድ ምሽት ግርማ እንደ ልማዱ ሊያድል ሲነሳ አላስቻለኝም።

«ትናንትም አህያዋ እሷ ነበረች፤ ዛሬ የምታድለው እሷ ናት!» ብዬ ጮኽኩ።

«ኧረ ቀልድ ነው!» አለ ግርማ። «ከፈለግሽ አህያው እኔ ልሁን፤ ምን አለበት?» ወዲያው በእጁና በጉልበቱ ተንበርክኮ አናፋ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ሊረታኝ ምንም አልቀረው።

አባባ ተሰማ ግን አልሳቁም። ፋኖሱን ከፍ አድርገው ወደ ሐሊማ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታድዪው አንቺ ነሽ። አህያው ማን ይሁን?» አሏት፤ እንዲገባትም በመንገድ የለመዱትን አፋርኛ እያፈላለጉ ደገሙላት።

ሐሊማ ግራ ተጋብታ ሁላችንንም አየችን።

«እኔ ነኛ» አለች።

ለካስ ደንቡን የነገራት ሰው አልነበረም። አህያነቱ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው እንደሚሄድ አታውቅም፤ እኛ ግቢ የተሰጣት ስም መስሏት ኖሯል። ግርማ ከተንበረከከበት ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አባባ ተሰማም ያን ምሽት ተረት አላወሩም።

ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ያ መልሷ ግን አልጠፋም። ዛሬም «ቀልድ ነው» ሲባል ስሰማ ጥርጣሬዬ ይነሳል፤ የሚሳቅበት ሰው አብሮ መሳቁም አያሳምነኝም። ግርማ እንደ ልቡ ያናፋው ነገ ተመልሶ ሰው እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ሐሊማ ይህን አታውቅም ነበር።