ማንም ያልሞላው ሰዓት

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰባተኛ ሰፈር ባለው የሟች አባቴ ሱቅ ውስጥ ማንም ያልሞላው የግድግዳ ሰዓት ደወለ።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የሰዓቱ መሙያ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ሞልቼው አላውቅም።

ጠዋት አጎቴ የበሩን ቁልፍ ቀይሮ ጠበቀኝ። "ዲግሪሽን ይዘሽ ሥራ ፈልጊ፤ ሱቅ ለሴት አይሆንም" አለኝ። (በታሪክ ዲግሪ? እስቲ እሱ ይፈልግልኝ!)

ከደጃፉ አልተነሳሁም። እኩለ ቀን ሲቃረብ የጥላዬን ጫፍ በቆርኪ ምልክት አድርጌ በእግሬ ለካሁት። ሰዓት ሳይመጣ አያቶቻችን ጊዜን የሚያውቁት እንዲህ ነበር፤ አባቴም ያንን ሰዓት የሚያስተካክለው በጥላው ነበር።

ቆርኪዋ ጋ ስደርስ ከተቆለፈው በር ጀርባ ሰዓቱ ደወለ።

"ውስጥ ማን አለ?" አለ አጎቴ ከበሩ እየሸሸ።

"ባለቤቱ ነዋ፣ ጋሼ!"

ቆርኪዋን አላነሳኋትም፤ ነገም እዚያው ነኝ። እናንተስ ቤት የሟች ዕቃ ተናግሮ ያውቃል?