ገመዱ ላይ የተቀመጥኩ ቀን

ግድቡ ላይ ሥራ የጀመርኩት በሣር ተካይነት ነው። ከከተማው በላይ ያለው ግድብ ጀርባው አፈር ስለሆነ ዝናብ እንዳይሸረሽረው ሣር ይተከልበት ነበር። ከጠዳና ከአዘዞ የመጣን ሴቶች ተደርድረን፣ ጎንበስ ብለን እንተክላለን። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ላቤ ሳይደርቅ፣ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ የጎማ ልብስ ለብሶ ከላያችን ቆመና፣ "ከእናንተ ውስጥ የጉድጓድ ገመድ ይዛ የምታውቅ አለች?" ብሎ ጠየቀ።

እጄን አነሣሁ። አባቴ አይከል አካባቢ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። እሱ ከታች ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ ሆኜ አፈሩን በገመድ እስባለሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትም በዚያው ገመድ ምክንያት ነው።

ሰውዬው አያ መንገሻ ነበር፣ የግድቡ ጠላቂ። በወጣትነቱ ቀይ ባሕር ላይ ጠልቆ ሠርቷል። በዚያ ቀን ገመዱን የሚይዝለት ሰው ለቅሶ ሄዶበታል። ጫፉን እጄ ላይ አስቀመጠና፣ "አንድ ጊዜ ከሳብኩ ደኅና ነኝ። ሁለት ጊዜ ከሳብኩ ገመድ ልቀቂልኝ። ሦስት ጊዜ ከሳብኩ አውጪኝ። ሳልስብ ከቆየሁም አውጪኝ" አለኝ።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ሌላ የለም። ገመድ የያዘ ሰው ወሬ አያወራም።"

ሲወጣ እጄን አገላብጦ አየና፣ "ሸጋ እጅ ነው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመድ ያዥ ሆንኩ። ለቅሶ የሄደው ሰውዬ ሲመለስ ግን ቦታውን አልወሰድኩበትም፤ እሱ በጥበቃነት እስኪቀጠር ድረስ በተራ ያዝን።

ለማያውቅ ሥራውን ልንገር። ግድቡ ውስጥ ለከተማው ውኃ የሚሳብበት አፍ አለ። አፉ በብረት ፍርግርግ ተሸፍኗል። ጎርፍ ያመጣው እንጨት፣ ሣርና ፕላስቲክ እዚያ ላይ ይለጠፋል፤ ጠላቂው ወርዶ ይጠርጋል። ከመውረዱ በፊት ቫልቩ ይዘጋል። ካልተዘጋ ውኃው ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይጎትታል፤ እዚያ የተለጠፈ ነገር በጉልበት አይላቀቅም። ሰውም ቢሆን።

አንድ ጊዜ አያ መንገሻ ከታች ሳለ ቫልቩ ተከፈተ። ማን እንዳዘዘ ዛሬም አላውቅም። ገመዱ አልተሳበም፣ ግን እጄ ላይ ከበደኝ። ሣር ተካዮቹን ተጣራሁ፤ መኮትኮቻና መቆፈሪያቸውን ጥለው መጡና ገና አፉ ላይ ሳይለጠፍ አብረን ሳብነው። ትከሻው ተገሽልጦ፣ ከሚዋኝባቸው የእግር ጎማዎች አንዱን እዚያው ትቶ ወጣ። ሣሩ ላይ ተጋድሞ ብዙ ከተነፈሰ በኋላ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ያዤን የምመርጠው እኔ ነኝ። ያዤ ካልወደደች ደግሞ አልወርድም። ኃላፊ ቢያዝም አልወርድም" አለ። ያኔ የነበሩት ኃላፊ እሺ አሉ። በዚያው ልማድ ሆነ።

እኔ በሥራ ቦታ የታወቅሁት በገመዱ ብቻ አይደለም። አንድ ክረምት ለቋሚ ሠራተኞች ቦት ጫማ መጣ፤ የቀን ሠራተኞች በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ቋሚ ሆኜ ስለነበር ደርሶኛል። ጫማዬን ከነጭቃው የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "ምንድነው ይሄ?" አሉ። "ጭቃው አንድ ነው፤ ጫማውም አንድ ይሁን" አልኳቸው። ለሁሉም እስኪመጣ እኔም በባዶ እግሬ ሠራሁ። "ክርክሬ" የሚል ስም ወጣልኝ።

አያ መንገሻ ጆሮው እምቢ ሲለው ሥራውን ለዋሴ ለቀቀ። ዋሴ የጎርጎራ ልጅ ነው፤ ጣና ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ያደገ። እሱም ያዡ እንድሆን መረጠኝ። ጥቂት ከሠራን በኋላ ልጄን ለትዳር ጠየቀ። የቫልቩ ሠራተኛ ጌጡ አፉ አያርፍም፤ "ሰው አማቱን ይፈራል፣ ይሄኛው አማቱ በገመድ አስራ ትጠብቀዋለች" እያለ ሲስቅብን ይውላል። ልጄ ደግሞ ዋሴ ማታ ሲገባ መጀመሪያ ጸጉሩን ትዳስሳለች። እርጥብ ከሆነ ውኃ ውስጥ ወርዶ እንደዋለ ታውቃለች። ስለ ሥራው ጠይቃው አታውቅም።

ከዚያ ማሽኗ መጣች። ሰው አልባ የውኃ ውስጥ ማሽን ናት፤ ሰው አይገባባትም፣ ከላይ ትታዘዛለች። ብጫ ናት፣ የጠቦት ያህል። ከፊቷ መብራትና ካሜራ፣ ከጎኗ ትንንሽ መቅዘፊያዎች አሏት፤ ከኋላዋ ረጅም ገመድ ይከተላታል። የምትነዳት ኢንጂነር ሰናይት የምትባል ለዛ ያላት ልጅ ናት። ጥላ ሥር ተቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ ባለ ሣጥን ላይ ሁለት ዱላዎች እያንቀሳቀሰች ማሽኗ የምታየውን በስክሪን ታያለች። ጌጡ ገና እንዳያት "ቅል" አላት። ቅሏ ተብላ ቀረች።

ኢንጂነሯ፣ "እማማ፣ ይምጡ ይዩ" ብላ ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ ፍርግርጉን አየሁት። ለዓመታት ገመድ የሰደድኩበትን ቦታ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው። ብረቱ ጥቁር ነው፣ አፉ ከቤቴ በር ይሰፋል። ዋሴ የሚቆምባትን የድንጋይ ጠርዝም አየኋት። ከአፉ በክንድ ርቀት ላይ ናት። መቀመጫ ጠየቅሁ።

ዋሴ ማሽኗን አልወደዳትም። "እኔን ልታባርር ነው የመጣች" ይል ነበር። ስትወርድ ራቅ ብሎ ይቀመጥና ጠጠር ይወረውራል።

ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቅሏ ወረደች። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፤ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን በየመንገዱ ተሰልፏል። ስለዚህ ቫልቩ አልተዘጋም። ሰው ስለማይወርድ፣ ማሽኗም ከአፉ ከራቀች ምንም አትሆንም ተባለ። ትንሽ ቆይታ ኢንጂነሯ ዱላዎቹን ወደ ኋላ ሳበች። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል አልተንቀሳቀሰም።

"ገመዷ ፍርግርጉ ላይ ተጠምጥሟል" አለች። "ውኃው ይዟታል።"

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ፈለቀ አጠገቧ ቆመው ነበር። "ምን ይሻላል?"

"ቫልቩ ይዘጋ። መጎተቱ ካቆመ አወጣታለሁ።"

"በበዓል ውኃ ልዝጋ? ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም።"

አቶ ፈለቀ ክፉ ሰው አልነበሩም። ማሽኗ የመጣችው በውሰት ነው፤ ፈርመው የተረከቧት እሳቸው ናቸው። ከከተማው ውኃ ውኃ ይሏቸዋል፣ ከታች ማሽኗ ተይዛለች። ግንባራቸውን ጠረጉና ወደ ዋሴ ዞሩ። "ዋሴ፣ ቢላ ይዘህ ወርደህ ብታላቅቃትስ?"

ዋሴ ብድግ አለ። ፊቱ በርቷል። "ታቅፌያት ነው የምወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደሚያስፈልግ ይታያል።" የጎማ ልብሱን እያነሣ ወደ እኔ ዞረ። "እማማ፣ ያዙኝ።"

ገመዱ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ነበር። ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት።

"አልይዝም።"

"ምነው?"

"ቫልቩ ክፍት ነው።"

"በጎን ነው የምገባ፤ ፊት ለፊቱ አልደርስም።"

"ቅሏም ፊት ለፊቱ አትደርስም ተብሎ ነበር።"

አቶ ፈለቀ ቀረብ አሉ። "ወይዘሮ ጠጄ፣ ሥራ ነው እኮ።"

"ሥራ ስለሆነ ነው የተቀመጥኩ።"

"እንግዲያው ይነሡልኝ። እኔ ራሴ እይዛለሁ።"

"ዋሴ ይምረጥ" አልኩ። "ልማዱ እንደዚያ ነው።"

ዋሴ የኃላፊውን እጅ አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የገዛ እግሩን አየ።  አቶ ፈለቀ በዚህ ተናደዱ። "እውነቱን ልንገርዎ? አማችዎ ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ገመዱን ይሰጡን ነበር። እርስዎ አይደሉ እንዴ አድልዎ የሚጠሉ?"

ይህ ንግግር ወጋኝ። እዚያው ተቀምጬ ራሴን ጠየቅሁ። ዋሴ ባይሆን ያን ያህል አልፈራም ነበር፤ ያ እውነት ነው። ገመዱን ግን ለማንም አልሰጥም ነበር። ይህን በቃል ብናገር ማን ያምነኛል?

"ደግ" አልኩ። "ሳናዳላ እናድርገው። ዕጣ እንጣል።"

"የምን ዕጣ?"

"የሚወርደው ሰው ዕጣ። ማሽኗ የሁላችን ናት፣ ውኃውንም ሁላችን እንጠጣዋለን። ዋሴ ብቻውን ለምን ይወርዳል?"

በእኛ አገር መሬት ሲከፈልም ተራ ሲያዝም ዕጣ የሚወጣው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይጥላል፤ ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ያነሣል። ያነሣው ምልክት የማንም ቢሆን ክርክር የለም። የጌጡን ሄልሜት ከራሱ ላይ አውርጄ ገለበጥኩት፤ የብር ቀለበቴን አውልቄ ጣልኩበት። ከገመዱ ላይ ግን አልተነሣሁም።

ጌጡ አንገቱን አከከና ከአፉ መፋቂያውን አውጥቶ ጣለ። ኢንጂነር ሰናይት አንድ ነገር የምትናገር መስላ ተወችው፤ የጸጉር ማስያዣዋን ፈትታ ጨመረች። ዋሴ ሰዓቱን ጣለ። ሄልሜቱን ወደ አቶ ፈለቀ ዘረጋሁት። የመኪናቸውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ነበር።

"እኔ ዋና አልችልም" አሉ።

"እኔም አልችልም። ቀለበቴ ግን ገብታለች።"

"ቅሏ ትችል ነበር" አለ ጌጡ።

በግድቡ አናት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጭነት ያላት አህያ እየነዳ ያልፍ ነበር። "አያ፣ እስቲ ጠጋ ብለው ዕጣ ያውጡልን" አልኩት። አህያውን አቁሞ መጣ። ዱላውን ብብቱ ውስጥ ከቶ እጁን ወደ ሄልሜቱ ሰደደ፤ ከዚያ ቆም አለ። "የምን ዕጣ ነው?"

"ውኃው ውስጥ የሚወርድ ሰው" አልኩት።

ወደ ውኃው ዞረ። "ምነው፣ ሰው ሰጥሟል?"

"የለም። ማሽን ተይዛብን ነው።"

"ለማሽን?" እጁን ከሄልሜቱ አውጥቶ በጋቢው ጠረገ። "እኔ እንዲህ ያለውን ዕጣ አላወጣም። ሌላ ሰው ፈልጉ።" አህያውን እየነዳ ሄደ። ትንሽ ራቅ ብሎ ዞር አለና አየን።

 አቶ ፈለቀ ቁልፉን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። "ጌጡ፣ ቫልቩን ዝጋ" አሉ። ስልካቸውን አውጥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉና እየራቁ ሄዱ። "አዎ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩ" ሲሉ ሰማኋቸው። ለሆስፒታሉ ውኃ በቦቴ እንዲላክለትም አዘዙ።

ጌጡ የቫልቩን መንኮራኩር አዞረ፤ ዋሴም አገዘው። ኢንጂነሯ፣ "እማማ፣ የማሽኗን ገመድ ይያዙልኝ፤ ሲላላ ይንገሩኝ" አለች። ያን ጊዜ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። የማሽኗ ገመድ ከእኔ ገመድ ይቀጥናል፣ ያንሸራትታል። መጀመሪያ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። ቀስ እያለ ረገበ። "ላላ" አልኳት። ዱላዎቹን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ኋላ ነካ ነካ አደረገች። ቅሏ ሣር ተከናንባ፣ መብራቷ እንደበራ ብቅ አለች። ዋሴ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ አቅፎ አወጣት። "ብዬ ነበር" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ አቶ ፈለቀም ሳቁ። እኔ ሳቄ አላቆም ብሎኝ ወደ እንባ ሄደብኝ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ማታ ሰፈር ስገባ ጎረቤቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ ደጄ ላይ ቆማ ነበር። "ምነው እትየ፣ በበዓል ውኃ ትዘጉብናላችሁ?" አለች። ከእኔ በርሜል ቀድቼ ሰጠኋትና፣ "ዋሴ ቤቱ ነው" አልኳት። ነገሩ አልገባትም፤ ውኃውን ግን ወሰደች።

ከበዓሉ በኋላ አቶ ፈለቀ ቢሮ ገባሁ። ቦት ጫማዬን አዩ፤ እንዳላወልቀው የፈሩ መሰለኝ። "ማሽኗ የመጣችው ሰው እንዳይወርድ ነው፤ ሰው ከሥራው እንዲባረር አይደለም" አልኳቸው። "ውስጡን የሚያውቀው ዋሴ ነው። እሷን መንዳት እሱ ይማር።"

"ይህንንም በዕጣ ነው?" አሉኝ።

"ይሄ ዕጣ አያስፈልገውም።"

ኢንጂነር ሰናይት አስተማረችው። በመጀመሪያው ሳምንት ጭቃ ውስጥ ቀበራት፤ በሌላ ቀን ዙሪያዋን እያሽከረከረ ገመዷን ጠመጠመባት። ጌጡ በሳቅ ሞተ። አሁን የራሳችን ማሽን አለን፤ የሚነዳት ዋሴ ነው። ጎርጎራም እየተጠራ የጀልባዎችን ሆድ ከውኃ በታች ያሳያል። ጀልባ ሳይወጣ ስንጥቁ ይታያል። ሌሎች ግድቦችም ማሽን እየገዙ ነው ይላሉ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ገመዷን ያዝኩላት። እሷ አንድ ጊዜም አልሳበችልኝም፤ ደኅና ናት አይደለችም የሚለውን ስክሪኑ ይናገራል። በመጀመሪያ ቅር አለኝ፤ በኋላ ለመድኩት። ገመድ ይዤ ወሬ ማውራት የጀመርኩትም ያኔ ነው።

ልጄ ዛሬም ዋሴ ሲገባ ጸጉሩን ትዳስሳለች። ደረቅ ነው።

ሥራውን ለምትረከቡ ልጆች የምተወው ይህን ነው። መጀመሪያ ቫልቭ ይዘጋል። ቀጥሎ ማሽን ይወርዳል። ሰው የሚወርደው መጨረሻ ነው፤ እሱም የግድ ከሆነ።