ሁለቴ የተቋረጠው ዘፈን

ለእጅ ጽሑፌና ለፊደል ግድፈቴ ይቅርታ፤ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ካዛንችስ አንድ ክለብ ውስጥ ብርጭቆ አጥብ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት አንዲት ዘፋኝ የአር ኤንድ ቢ አልበሟን ከመድረክ በቀጥታ ልትቀዳ መጣች። ድምፅ ቀጂው ተመልካቹን «ትንፍሽ እንዳትሉ!» ስላለ፣ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ መሰለ። ዘፋኟ ዝምታው ከብዷት ዘፈኑን ሁለቴ ጀምራ አቋረጠች።

«አንዴ ልሞክር፤ ካልሆነ በቃ ይቅር» አለች።

እትዬ፣ ማለቴ የክለቡ ባለቤት፣ «አንቺ፣ ድምፅ ከሰማሁ ከሥራ ትወጫለሽ!» አሉኝ።

ዘፋኟ ጀመረች፤ ድምፅዋ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ፣ ሰው ፊት ቀና የማልለው ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ እልልልል አልኩ! አዳራሹ ተከተለኝ። እሷም ሳቀችና እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።

አሁን እትዬ ካሴቱን ለእንግዳ ሲያሰሙ «ይቺ እልልታ የኔ ናት» ይላሉ።

የኔ ናት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።