የሰናይት ደብዳቤ

ልጅ እያለሁ አለቃ መባል እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! ቦንጋ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ስም ጠሪዋ እኔ፣ የሚረብሽ መዝጋቢዋም እኔ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጫካው ወርዶ ግቢያችንን ስለሚሞላው የባንዲራው እንጨት ከወገቡ በላይ አይታይም፤ መዝሙራችንን ወደ ጉሙ አንጋጠን እንዘምር ነበር። ክፍል ስንገባ እርጥብ ሹራብና ጠመኔ ይሸታል። ከጎኔ ግን ሁልጊዜ ዱቄት ይሸት ነበር። ሰናይት ናት፤ አባቷ ጋሽ ሃብቶም ወፍጮ ቤት ነበራቸው።

ጋሽ ሃብቶም ገና በወጣትነታቸው ከአስመራ መጥተው የአገራችንን ልጅ እትዬ አስቴርን ያገቡ ሰው ናቸው። የአገራችንን ቋንቋ ካፊኖኖን ሲናገሩ በቅላጼያቸው እንስቃለን፤ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። እህል ላስፈጭ ስሄድ በዱቄታም እጃቸው ፀጉሬን ይዳብሱና «ሸበትሽ እኮ አንቺ ልጅ! መቼ ልትዳሪ ነው?» ይሉኛል። እቤት ስደርስ እናቴ ፀጉሬን እያራገፈች ትቆጣኛለች።

ከጋሽ ሃብቶም አገር ጋር ጦርነቱ ሲነሳ በዓል የመጣ ነበር የመሰለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ነው። ሚኒ ሚዲያው የጦር ዘፈን ይለቃል፣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ለዘማቾች ዳቦ ቆሎ አምጡ እንባላለን፣ ግማሹን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን። በእረፍት ሰዓት ወገንና ጠላት ሆነን እንጫወታለን። ጠላት ለመሆን ፈቃደኛ ስለሚጠፋ ዕጣ እናወጣ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ልጅ «ዕጣ ምን ያደርጋል? ሰናይት አለችልን» አለ። ሄዳ ብቻዋን ቆመች። ሁላችንም እየጮህን ሮጥንባት፤ እኔም ሮጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሃብቶምን ወሰዷቸው። አገርህ ግባ ተብለው ተሳፈሩ ተባለ። ወፍጮው ዝም አለ። እናቴን ብጠይቃት «ዝም በይ፣ ይኼ ልጅን አይመለከትም» ብላ እህሉን ሌላ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ወደ ድንበሩ ማዶ ስልክም ፖስታም እንደተቋረጠ ግን እኛ ልጆቹም እናውቅ ነበር።

የአማርኛ አስተማሪያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው የመጡ፣ ታናሽ ወንድማቸው ግንባር ያለ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን «ለማላውቀው ወታደር ወንድሜ» የሚል ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ጻፉልን። ጠላትን ደምስስልኝ፣ አፈር አብላልኝ ይላል። ገልብጠን ስማችንን ከሥር እንድንጽፍ፣ ደብዳቤዎቹም ግንባር ድረስ እንደሚሄዱ ነገሩን። ሰብሳቢዋ ያው አለቃዋ ነኝ። «ከሰሌዳው የተለየ ነገር የጻፈ ካለ አምጪልኝ» አሉኝ። በኩራት ቤቴ ወስጄ አንድ በአንድ አነበብኩ።

የሰናይት ግን እንዲህ ይል ነበር፤ «ለማላውቀው ወታደር ወንድሜ። አንተ ካለህበት ማዶው ይታያል ይላሉ። አባቴ ማዶ ነው። ረጅም ነው፣ ወፍጮ መጠገን ያውቃል። ካየኸው እንዳትተኩስበት። ሰናይት በመንፈቁ ሦስተኛ ወጥታለች በለው። እማዬ ወፍጮውን አልሸጠችውም በለው።»

ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ ነገር ስላልነበረ ዘማቹን ፖስተኛ አድርጋው ነበር። እኔ ፈራሁ። ለአስተማሪያችን ባሳይ እናቷንም የሚወስዱባት መሰለኝ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ እኔን። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩና የሰሌዳውን ቃል በስሟ ገልብጬ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት። አዳንኳት ብዬ ደስ እያለኝ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ «መልስ ይመጣል አይደል?» ትለኛለች። ይመጣል እላታለሁ። ምን ልበላት?

መጣም። አንድ ጠዋት ባንዲራው ሥር አስተማሪያችን ፖስታ ይዘው «ሰናይት ሃብቶም!» አሉ። እየሮጠች ወጣች፤ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አላየሁም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «እህቴ ሰናይት፣ ጠላትን ደምስስልኝ ብለሽ የላክሽልኝ ደብዳቤ ወኔ ሆኖኛል። አደራሽን እየተወጣሁ ነው።» ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። አስተማሪያችን እንባቸውን ጠረጉ። ሰናይት ግን ከሰልፉ መሐል እኔን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችኝ።

«አልላክሽውም?» አለችኝ ክፍል ስንገባ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት።

ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ሄደች። ክረምት ሲገባ እትዬ አስቴር ወፍጮውን ሸጠው፣ ልጃቸውን ይዘው ከቦንጋ ወጡ። የት እንደገቡ የነገረኝ የለም።

ዛሬ ቦንጋ ሌላ ናት። ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የእኔም ልጆች ከማንም ጋር በስልክ ያወራሉ። ወደ ማዶ ስልክ የተከፈተ ሰሞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ባልደረቦቼ የመጣላቸውን ቁጥር እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላም ይባባሉ ነበር። ስልኩን ለእኔም ሰጡኝ። አንድ ሽማግሌ አነሱ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሰናይት በመንፈቁ ሦስተኛ ወጥታለች» አልኳቸው። «እናቷ ወፍጮውን አልሸጡትም።» ባልደረቦቼ ሳቁ።

ሰውዬው አልሳቁም። በሰባራ አማርኛ «ለማን ልንገርልሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ለጋሽ ሃብቶም።»

«ሃብቶም እዚህ ብዙ ነው። ሃብቶም ማን?»

የጋሽ ሃብቶምን አባት ስም ለካ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።