ቅቤ የገባበት ቅባት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ ታቦር ተራራ ሥር በነበረችን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከቀበሌ ሱቅ የምናገኘው ሳሙና ልብስ ያነጣል፣ እጅ ይልጣል። እርጉዝ ሳለሁ የጀመረኝ ችፌ አራስ ቤት ባሰበት። ጣቶቼ ቀልተው ተሰነጣጠቁ፤ ማሳከኩማ አይነሳ።

ሊያርሱኝ ከሲዳማ ገጠር የመጡት አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ልጁን ግን ከእጄ አሸሹት። «ይጋባበታል» ይሉኛል። ሲጠባ እንኳ እጄን በነጠላ ጠቅልዬ ነው፤ ከሥር የሚደግፉት እሳቸው ናቸው። ማጠብማ አይታሰብም። የገዛ ልጄን እንደ ጎረቤት ልጅ ከሩቅ አየው ነበር።

አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ድሬሰር የሚባለው የጤና ረዳት እጄን አገላብጦ አየና፣ «ችፌ ነው፤ አይተላለፍም» ብሎ አንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠኝ። «ጠዋትና ማታ ስስ አድርገሽ ተቀቢ፤ ሲሻልሽ ታቆሚያለሽ።»

«የእሱ ልጅ አይደለም፤ ምን ቸገረው» አሉ አማቴ በመንገድ ላይ።

ቱቦዋን ግን አከበሯት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩባት። ከዚያ «ይቺ ለምኑ ትበቃለች?» ብለው እስክታልቅ ጨመቋትና ቅባቱን ለአራስ ጥየቃ ከመጣው ቅቤ ጋር ለወሱት። ለእሳቸው ቅቤ ያልገባበት መድኃኒት፣ መድኃኒት አይደለም። እኔም ሞኟ እስከ ክርኔ ተለቀለቅሁ። እጄ ወዛ እንጂ አልዳነም።

ተመልሰን ሄድን፤ ድሬሰሩ ይህን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማማ፣ በቅቤ ሲያበዙት እኮ ጉልበቱን ያጣል» ብሎ ሌላ ቱቦ ሰጠን። አማቴ አፈሩ። ከዚያ ወዲያ «ነይ፣ እጅሽን አምጪ» እያሉ ራሳቸው ይቀቡኝ ጀመር፤ በባዶ ጣታቸው፣ ስስ አድርገው፣ አንድ ጣት ሳይዘሉ። እናቴም እንደዚያ አሽታኝ አታውቅም። ደስ ይለኝ ነበር።

ስንጥቁ ገጠመ፤ ቅላቱ ግን ገና አልለቀቀኝም ነበር። አንድ ጠዋት አማቴ ሳፋው አጠገብ የልጁን ልብስ አወለቁና ቆም አሉ። የራሳቸውን እጅ ገልበጥ መለስ አድርገው አዩት። ምንም የለበትም።

«ይህን ያህል ቀን አሸሁሽ፤ እኔን አልያዘኝም» አሉ። «በይ፣ ውሃው ሳይቀዘቅዝ እጠቢው።»

ልጄን ተቀበልኳቸው። ጀርባው ያን ያህል ለስላሳ መሆኑን በእጄ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።