ወተት አለበት ያልኩት ዳቦ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊያ ከጓደኞቿ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዳ ከአንድ ዳቦ ቤት ድፎ ይዛልኝ መጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ስልኳን እየነካካች፣ «ማሚ፣ ሪቪው ልጽፍላቸው ነው። ስንት ስታር ልስጣቸው? ትንሽ ኤክስፔንሲቭ ናቸው፣ ሰርቪሳቸው ግን ሪሊ ናይስ ነው» አለችኝ። ቆርሼ ቀመስኩ። እሷም የመሰላትን ሰጥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ግን ዳቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬ ልጆቹ በአውራ ጣታቸው የሚሰጡትን ፍርድ እኔ በሃያዎቹ ዕድሜዬ በአፌ ሰጥቼው ነበር፤ ያውም በዚሁ ዳቦ ቤት ላይ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ጓደኛዬ ሰብለና እኔ በአንድ ዓመት በዲቪ መጥተን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። እሷ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበረች፣ እኔ ሆቴል አንሶላ አጥብ ነበር። ሰብለ ያኔ ከሊጥ ጋር የተዋወቀች አትመስልም። እኔ ደግሞ ዳቦ ይሆንልኛል፤ በዚህ ጉዳይ ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እሑድ እሑድ ወጥ ቤቷ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን አስተማርኳት። ሊጡ ምን ያህል እንደሚያርፍ፣ ጥቁር አዝሙዱ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ኮባ ሲጠፋ ከቬትናሞቹ መደብር የሙዝ ቅጠል ገዝቶ በረዶውን ማቅለጥ፣ ሁሉንም አሳየኋት። ለሰው የማልናገራትን አንዲት ዘዴ እንኳ አልደበቅኳትም። ተልባ ይቀቀልና ይጠለላል፤ ሊጡ በውሃው ይቦካል። በጾም ወተትም ቅቤም ሳይነካው ዳቦው የሚለሰልሰው በዚህ ነው።

በኋላ ሥራዬ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሲዛወር እኔም ተከትዬው ሄድኩ። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዳቦዬን ቀመሱና ስሜ ወጣ። ክርስትና ነው ቢሉ፣ ዝክር ነው ቢሉ፣ ዳቦ ከተባለ የሚጠራው የእኔ የገነት ስም ነበር። አንድ ቀን የማኅበራችን ትልቅ የሆኑት እትዬ ዘውዴ ደወሉልኝ። እትዬ ዘውዴ አንዴ ከተናገሩ ሌላው የሚጨምረው ነገር አልነበረም።

«ገኒ፣ አንቺ በሥራ ደክመሻል፤ ላላስቸግርሽ ብዬ ለማርያም የሚሆነውን ዳቦ ሲልቨር ስፕሪንግ ኦርደር አድርጌያለሁ። ሰብለ የምትባል ልጅ ዳቦ ቤት ከፍታለች። ስትጋግር እኮ!» አሉኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። የራሴዋ ሰብለ ነበረች። ዳቦ ቤት መክፈቷን እንኳ አልነገረችኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ኮሮላዬን አስነስቼ ቤልትዌዩን፣ ያን የቀለበት መንገድ፣ ይዤ ሄድኩ። ሁዳዴ ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነው፤ በመንገዱ ዳር የመጨረሻው በረዶ ጠቁሮ ተቆልሏል። የሄድኩት ለመግዛት አልነበረም፣ ጉድለት ፍለጋ ነው። መጀመሪያ ዋጋውን አየሁ። እኔ በሃያ ዶላር የምሰጠው ድፎ እሷ ዘንድ ሠላሳ አምስት ተለጥፎበታል። ዘረፋ ነው አልኩ በሆዴ፤ ሰልፉ ግን በሩ ድረስ ደርሷል። ቀጥዬ ታቹን ገልብጬ አየሁ፤ አላረረም። ጫፉን ተጫንኩት፤ ተመልሶ ተነሣ። መስተንግዶው ይጎድል ይሆን ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሰብለ የእያንዳንዱን ሰው ልጅ በስም እየጠራች ትጠይቃለች፤ አንድ ሽማግሌ ግማሽ ብቻ ሲሏት ግማሹን ቆርጣ በጨርቅ መሳይ ወረቀት ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ጉድለት አጥቼ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ስታየኝ ከባንኮው ወጥታ አቅፋ ሳመችኝ። ወዲያው አንዲት ደንበኛ፣ «የኔ እመቤት፣ ይሄን ሙያ ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

ሰብለ ወደ እኔ ገልመጥ አለችና፣ «እናቴ ናት» አለች።

እናቷ የሞተችው ሰብለ አራት ዓመት ሳይሞላት እንደሆነ የነገረችኝ ራሷ ሰብለ ናት። ያገላበጥኩትን ዳቦ አንስቼ፣ ሒሳቡን አልቀበልም ብትለኝም ብሩን ባንኮው ላይ ጥዬላት ወጣሁ። ዳቦውን ሳልቀምሰው የኋላ ወንበር ላይ ወርውሬ መኪናዬን አስነሳሁ።

የማርያም ዕለት እትዬ ዘውዴ ቤት ተሰበሰብን። ጸሎት ተደርጎ ዳቦው ተቆረሰ። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸው ሞልቶ ያመሰግናሉ። ልስላሴው! ሽታው! እኔም ቆረስኩ። የተልባው ውሃ ገና ምላሴን ሲነካው አወቅኩት፤ የራሴ ዳቦ ነው። ከዚያ የቀረውን ቀስ አድርጌ ናፕኪን ላይ አስቀመጥኩ።

«ምነው ገኒ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ኧረ ምንም። ልስላሴው ብቻ ግራ ገባኝ… ወተት ነካ ያደረገችው መሰለኝ» አልኩ።

የጎረሰችው ሳትውጥ ቀረች። እትዬ ዘውዴ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው አማተቡ። እኔም እንደ መልካም ሰው፣ «እንጃ፣ ላይሆንም ይችላል» ብዬ ጨመርኩበት። እንዲህ ሲባል ወሬ የበለጠ እንደሚታመን አውቅ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከሎረል እስከ ሄርንደን ያለውን አበሻ ሁሉ አዳረሰ። እኔ መሰለኝ ያልኩት ወደ እኔ ተመልሶ ሲመጣ፣ ቅቤውን ስታፈስበት በዓይኗ ያየች ሰው አለች ተብሎ ነበር። ጿሚው ሁሉ ከሰብለ ዳቦ ራቀ። ስልኬም እንደ ድሮው ማቃጨል ጀመረ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያፏጨሁ ነበር የማቦካው።

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ደወሉ። «በወሬ ብቻ የሰው እንጀራ አንዘጋም። እዚያው ሄደን ሲቦካ በዓይናችን እናያለን። አንቺ ዳቦ ታውቂያለሽ፣ አንቺው ይዘሽኝ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

እምቢ ልበል? ምን ብዬ? ቅዳሜ ጠዋት አሳፍሬያቸው ድልድዩን ስንሻገር ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው።

«አመመዎት እንዴ እትዬ?»

«ስግደቱ ነው ልጄ። ያን ወተት በሁዳዴ ከቀመስኩ ወዲህ ሕሊናዬ እምቢ ቢለኝ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፤ መቶ ስግደት ሰጡኝ። ለዚህ ጉልበት በዛ አልላቸው ነገር። አርባውን ጨርሻለሁ።»

ከአውራ ጎዳናው የምንወጣበትን መውጫ ሳላየው አለፍኩት። ዞሬ መመለስ ነበረብኝ።

ዳቦ ቤቱ ባዶ ነበር። መደርደሪያው ላይ የትናንቱ ዳቦ እንደተደረደረ አለ። ሰብለ ከስታለች። እጇን ታጥባ ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ጨውን፣ ዘይቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን አንድ በአንድ እያሳየች ገበቴው ውስጥ ጨመረች። በመጨረሻ ክዳን ያለው ድስት አምጥታ ከፈተችው።

እትዬ ዘውዴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ይሄ ደፍረስ ያለው ምንድን ነው?»

ሰብለ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እሱን ገነት ትንገርዎት። ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቃል ለመስማት ስንት በከፈልኩ ነበር። አሁን ግን ተልባ ነው ካልኩ ውሸቴን ማመኔ ነው፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ሰብለ በሯን ትዘጋለች። እትዬ ዘውዴ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ይጠብቁኛል።

«ወተት የለበትም እትዬ። የተልባ ውሃ ነው» አልኩ። «ያን ዕለትም አውቅ ነበር። ቀንቼ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ጣታቸውን ድስቱ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ከዚያ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያስ የቀረውን ስልሳ አንቺ ትሰግጂዋለሽ። ከዚያ በፊት ግን ስልክሽን አውጪና ይህ ወሬ ለደረሳቸው ሰዎች ሁሉ ደውዪ» አሉኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ሁለት ድፎ ገዝተው መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

ሰብለና እኔ ብቻችንን ቀረን።

«ወሬው ከአንቺ እንደወጣ ገና በሁለተኛው ቀን ሰምቻለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ምነው ኮል አላደረግሽኝም?»

«በምን አፌ? እናቴ ናት ያልኩ ቀን ፊትሽን አይቼዋለሁ እኮ። ገኒዬ፣ ያንቺን ስም ብጠራ ሰዉ ሁሉ ድልድዩን ተሻግሮ አንቺ ጋ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አሁንም እያንዳንዱን ዳቦ ስጋግር፣ ይሄን ገነት ብትቀምሰው ምን ትል ይሆን እላለሁ።»

እዚያው ባንኮው ላይ ተደግፌ ስልኬን አወጣሁ።

ስልሳውን ስግደት ሰገድኩት፤ ስልኩ ግን ከስግደቱ ይበልጥ ከበደኝ። አንዳንዶቹ ሰምተው ሳቁ፣ አንዷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ለሆሳዕና የሰብለ ሰልፍ እንደገና በሩ ድረስ ደረሰ። የእኔ ኦርደር ደግሞ ቀስ በቀስ ሞተ፤ በዚያ ማንንም አልከስም።

ላለመዋሸት፣ ዛሬም ያን ዳቦ ስቀምስ እቀናለሁ። ግን ከቅናቱ የሚብስብኝ ሌላ ነው። ያኔ እጄን ሰው ሁሉ ረሳው ብዬ ስንገበገብ፣ እጄን ለአንድ ቀን እንኳ ያልረሳች አንዲት ሰው ነበረች። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ሙያዬን የሷን ያህል ያከበረልኝ የለም። እኔ ደግሞ ላስዘጋ የተነሳሁት የእሷኑ በር ነበር።